ማሽኑ ሳይነሳ የተነገረኝ

ድሬ ዳዋ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2014 ዓ.ም.

የያኔው ወዳጄ፣

አላህ ሰላሙን በአንተና በቤትህ ላይ ያውርድ። ጤንነትህ እንዴት ነው? ልጆችህስ? ሁለት ናቸው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አላህ ያሳድግልህ። የጅቡቲ ሙቀት በዚህ ወር ምን እንደሚያደርግ ስለማውቅ ባለቤትህም እንዳልተጎዳች ተስፋ አደርጋለሁ። ከልቤ ነው የምለው። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ስልክ ያልደወልኩት እሷ ልታነሳው ትችላለች ብዬ ነው። ደብዳቤውን የሚሰጥህ ጉሌድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ አያውቅም። ከሁለት ቀን በኋላ ስለሚመለስ መልስህን በእሱ ላክልኝ።

ስለዚያ ማሽን ሳትሰማ አትቀርም። እዚህ ሰኔን ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረም። ስዊዘርላንድና ፈረንሳይ ድንበር ላይ፣ ከመሬት በታች፣ ሃያ ሰባት ኪሎ ሜትር የሚዞር ዋሻ አለ፤ በውስጡ ከአቶም ያነሱ ቅንጣቶችን እያስሮጡ ያጋጫሉ። ከሦስት ዓመት እረፍት በኋላ ሰኔ 28፣ ማክሰኞ፣ በአዲስ ጉልበት ሊጀምሩ ነው ተባለ። ቲክቶክ ላይ አንዱ በሶማልኛ፣ አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በአማርኛ ተነስቶ ጥቁር ጉድጓድ ይከፈትና ምድርን ይውጣታል አለ። ከዚያ ወዲያ መጋላ ሰፈር ውስጥ ሳይንቲስት ያልሆነ ሰው ጠፋ። የምሳፈርበት ባጃጅ ነጂ ሳይቀር ስለ ፕሮቶን ፍጥነት ያስተምረኝ ጀመር፤ ያውም እየተሳሳተ።

የፊዚክስ አስተማሪ ስለሆንኩ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ይይዘኛል። እኔም ሳልሰለች አስረዳሁ። ከጠፈር የሚመጡ፣ ከማሽኑ የበለጠ ጉልበት ያላቸው ቅንጣቶች ምድር ከተፈጠረች ጀምሮ ሰማያችንን ሲደበድቡት ኖረዋል፤ በዚህ የምንዋጥ ቢሆን ኖሮ ድሮ ተውጠን ነበር እያልኩ። አንዳንዱ አመነኝ። አንዳንዱ ደግሞ አመነኝና ፍርሃቱን ግን አልተወም።

ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት ቤት ለቤት እየዞረ አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ እንደሚል ታውቃለህ። በዚያ ሳምንት ሰፈሩ በሙሉ ሐጅ የሚሄድ መሰለ። ሰው የበደለውን እያስታወሰ በር ያንኳኳል፣ ያለቅሳል፣ ይቅር ተብሎ ይወጣል። ጎረቤታችን ካልቱን የባሏን እህት ትዳር ያፈረሰው ወሬ ከራሷ አፍ እንደወጣ ለራሷ ለሴትየዋ ነገረቻት። ማክሰኞ ሁሉም ነገር የሚያልቅ ስለመሰላቸው ተቃቅፈው ተላቀሱ።

እናቴ ግን አልፈራችም ነበር። ልጄ አትሳሳትም እያለች ሌላውን ታጽናና ነበር።

እሑድ ማታ ከመግሪብ ሶላት በኋላ የስኳር መርፌዋን ልወጋት ስቀርብ እጄን ያዘችኝ። ማክሰኞ ምንም እንደማይመጣ ወላሂ ትያለሽ ወይ ስትል ጠየቀችኝ። ለምን አልኳት። እርግጠኛ ከሆንሽ ዝም እላለሁ፤ ካልሆንሽ ግን ያንቺ ሐቅ አለብኝ፣ ይዤው አልሄድም አለች።

ፊቷን አየሁት። አስራ ሁለት ዓመት አብረን ብቻችንን ስንኖር ያን ፊት አይቼው አላውቅም። ለከተማው ሁሉ ምንም አይመጣም ስል የከረምኩት ሴትዮ፣ ለገዛ እናቴ፣ አይታወቅም ሆዮ፣ እናቴ አልኳት። የደበቀችኝን ለማወቅ ስል ዋሸኋት።

እሷም ነገረችኝ። አንተ ሽማግሌ ልከህ ነበር።

እኔ ለክረምት ትምህርት ሐረማያ በሄድኩበት ጊዜ አጎትህና ሁለት ሰዎች መጥተው እሷ ፊት ተቀምጠዋል። እሷም ልጅቷ ለአጎቷ ልጅ ተሰጥታለች ብላ ዋሽታ መልሳቸዋለች። አባቴ ከሞተ ገና ስድስተኛ ወሩ ነበር። አንተ ለሥራ ጅቡቲ ልትሄድ ስለነበር እኔንም ይዘህ የምትሄድ መስሏት፣ ብቻዬን ልቀር ነው ብዬ ፈራሁ አለችኝ። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ አንድም ጊዜ አላለቀሰችም። እኔም አላለቀስኩም።

እኔ በዚያ ክረምት የጠበቅኩህን አላህ ያውቃል። ሠርግህን ስሰማ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ቃሉን የበላ ውሸታም ነው ብዬ ስምህን አጠፋሁ። ስጸልይ ሳይቀር ረገምኩህ። ለዚህ አፉ በለኝ።

ከእሑድ ማታ ጀምሮ እናቴን አላናገርኳትም። ምግቧን አስቀምጥና እወጣለሁ። ጠዋትና ማታ የምወጋት እኔ ሆኜ ሳለ ሰኞንም ማክሰኞንም መርፌዋን አልነካሁም፤ እጅ አላት፣ ራሷ ትውጋ አልኩ። ስቆጣ ምን እንደምሆን አንተም አትረሳውም። እሷ ደግሞ ልጄ አይታወቅም ካለች ዓለሙ ማክሰኞ ያበቃል፣ መርፌ ምን ያደርግልኛል ብላ ተወችው። አይታወቅም ያልኳት እኔው ነኝ።

ማክሰኞ ከመግሪብ በፊት፣ ማሽኑ ይነሳል በተባለባት ሰዓት፣ መጋላ እንዲያ ጸጥ ብሎ አይቼው አላውቅም። ሱቁ ተዘግቷል፣ ሰው ደጁ ላይ ተቀምጦ ሰማይ ያያል። ሰዓቱ አለፈ። አዛን ተባለ። አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ ባጃጆቹም ጥሩምባቸውን ነፉ። እኔም ኩርፊያዬን ሳልፈታ፣ አለፈ ልላት ወደ ውስጥ ገባሁ። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ በኃይል ትተነፍሳለች። ስጠራት ለእኔ ሳይሆን ለሞተው አባቴ መለሰች፤ አሁን መጣሁ አለችው።

ባጃጅ ውስጥ አቅፌያት ሆስፒታል ደረስን። ስኳሯ መሣሪያው ከሚያነበው በላይ ነበር። ሦስት ቀን ራሷን አላወቀችም። ዐረፋን እዚያው አሳለፍነው። ሰፈሩ ደግሞ ከረቡዕ ጀምሮ ዓይን ለዓይን መተያየት አልቻለም፤ ካልቱንና የባሏ እህት ዛሬ ሰላም አይባባሉም። ዓለም ስላልጠፋች የተናገሩትን ይዘው መኖር ነው።

እናቴ ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው አንተን ነው። የእሱን ሐቅ ይዤ ነው የተመለስኩት አለች። ምግብ ስንሰጣት ፊቷን ታዞራለች። ሐኪሙ መርፌው ያለ ምግብ ራሱ ይገድላታል አለኝ። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አልሆነም።

ትናንት፣ እሱ ደወለልኝ አልኳት። ሁሉን ነገርኩት፤ እናትሽን በይልኝ፣ ከልቤ አፉ ብያታለሁ አለኝ አልኳት። በዚህ ድምፅ ነው ያለው፣ እንዲህ ብሎ ነው የሳቀው እያልኩ ጨመርኩላት። አሥር ማንኪያ ሾርባ ጠጣች።

ስለዚህ አንተን ሳልጠይቅ አፉታህን ሰጥቼብሃለሁ። ሰው የሌላውን ይቅርታ መስጠት እንደማይችል አላጣሁትም። እባክህ እውነት አድርግልኝ። ልብህ እሺ ካላለህም መብትህ ነው፤ ለእኔ ብቻ ጻፍልኝ፣ ለእሷ አልነግራትም፤ ሸክሙን እኔ እይዘዋለሁ።

ሾርባዋን ስትጨርስ፣ ስላንቺስ ምን አለ አለችኝ። አፌ ውሸት በለመደበት ቀን ይችን አንዲቷን ማውጣት አቃተኝ። ምንም አላለም አልኳት። እሷም፣ አንቺስ አፉ ብለሽኛል ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ሳህኑን ልጠብ ብዬ ወጣሁ። እስካሁን አልመለስኩላትም።

አላህ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፤ ቤትህን በሰላም ይሙላልህ።

ያኔ ልታገባት የነበረችው