ሳልተረጉም ያለፍኩት ገጽ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 7

ለጋራዣችን ቀለም ክፍል አዲስ ሰው ተቀጠረልን። ጋሽ ሸረፈዲን። አዲስ አበባ ሃያ ስምንት ዓመት መኪና ቀለም ሲቀቡ የኖሩ። ባለቤታቸውና ልጃቸው ዊጅዳን ወደዚህ አገር ቀድመው መጥተው፣ እሳቸው የተከተሉት ከአራት ዓመት በፊት ነው። እስካሁን መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሱ ነበር። ጠዋት የአንድ ቫን በር ሲረጩ ቆሜ አየሁ። እጃቸው! ውሃ የፈሰሰበት ነው የሚመስለው።

ከሰዓት የሴፍቲ ትምህርት ነበራቸው። እንግሊዝኛው ስለሚያስቸግራቸው እኔ ልተረጉምላቸው ተቀመጥኩ። የቀለም ክፍሉ ኃላፊ ነኝና። አስተማሪው አርባ ደቂቃ አወራ። እኔ... አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ቀለሙን የሚያደርቀው ሃርደነር ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል መርዝ አለ፣ ሳንባ ይጎዳል፣ አየር የሚነፋውን ማስክ ያድርጉ አልኳቸው። ሳቁ።

“ልጄ፣ እኔ አፌን በሻርፕ አስሬ ስንቱን መኪና ረጭቼዋለሁ።”

ከዚያ በኋላ ማስረዘሙ አሳፈረኝ። ለእሳቸው ስለ ቀለም እኔ ላስተምር? የመጨረሻውን ገጽ ዘለልኩት። ፈረሙ። ከሥር እኔም “በሙሉ ተርጉሜላቸዋለሁ” የሚለው ላይ ፈረምኩ። የቀረውን ነገ እነግራቸዋለሁ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 21

አልነገርኳቸውም።

ዛሬ መርጫ ክፍሉ ውስጥ በመስኮት አየኋቸው። ረጨት ያደርጉና የማስኩን መስታወት ወደ ላይ አንስተው፣ ጎንበስ ብለው ቀለሙን ያያሉ። ፈሶ እንደሆነ። ከዚያ መልሰው ያወርዱታል። የዘለልኩት ገጽ ይሄው ነበር። የቀለሙ ጉም አይታይም፣ አይሸትም። ርጭቱ ካቆመ በኋላ እንኳ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መስታወቱ አይነሳም።

ልነግራቸው ገባሁ። ስልካቸውን አውጥተው የዊጅዳንን የምረቃ ፎቶ አሳዩኝ። ወሬ ወሬን አነሳና... ረሳሁት። አይ፣ አልረሳሁትም። እንዴት ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 6

ከፈረንጅ ገና ዕረፍት ተመለስን። ዲሴምበር ዕረፍቱ እስኪደርስ ሲያስላቸው ነበር። ቤት በዋሉበት አሥር ቀን ጠፋልኝ ብለው ደስ ብሏቸው መጡ። ከምሳ በኋላ መልሶ ያዛቸው። ሲተነፍሱ ደረታቸው ያፏጫል።

“ብርዱ ነው ጋሼ” አልኳቸው።

ብርዱ ከሆነ ቤታቸው ለምን አላሳላቸውም? ይሄን ጠየቅኩ። ራሴን። መልሱን ግን ፈራሁት።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 11

ወደቁ። መርጫ ክፍሉ በር ላይ ተንበርክከው አገኘኋቸው። ማስኩ እጃቸው ላይ። ከንፈራቸው ጠቁሯል። “አየር... አየር...” ደግፌ ወደ ውጭ አወጣኋቸው። አምቡላንሱ እስኪመጣ እጄን ጨብጠው ነበር። አልለቀቁኝም።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 12

ተርፈዋል። ዊጅዳን ደወለች። “አልሐምዱሊላህ፣ ስቴብል ነው ብለዋል። ቴንክ ዩ ደሜ፣ አንተ ባትኖር...” አለች።

ዘጋሁት።

ማክሰኞ፣ ማርች 4

የሳንባ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ነበራቸው። ዊጅዳን ሥራ ላይ ናት፣ የሆስፒታሉ አስተርጓሚ ሳይመጣ ቀረ። እኔ ገባሁ።

ሐኪሟ ቀስ እያለች ነገረችን። አስም ነው፣ ከሃርደነሩ የመጣ። ሰውነታቸው አንዴ ጠልቶታል። ከእንግዲህ ትንሽ እንኳ ቢተነፍሱት ደረታቸው ይዘጋል። መርጫ ክፍል መቼም እንዳይገቡ።

“መቼም ማለት ስንት ወር ነው?” አሉኝ።

“መቼም ማለት መቼም ነው ጋሼ።”

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አዩት።

ከዚያ ሐኪሟ ጠየቀች። የማስኩን መስታወት ያነሱ ነበር ወይ? ማንሳት እንደሌለባቸው ተነግሯቸው ነበር ወይ? ተረጎምኩ። ቃል በቃል።

“አነሳ ነበር። ቀለሙን ሳላይ እንዴት አድርጌ እሠራለሁ? አታንሳ ያለኝ ሰው የለም።” ዞር አሉ። “ደምመላሽ፣ ነግረኸኝ ነበር እንዴ?”

“አልነገርኩዎትም።”

ሐኪሟ እየጠበቀች ነው። ለእሷም በእንግሊዝኛ ደገምኩላት።

በአውቶቡስ ወደ ሰፈራቸው ኤድመንተን ተመለስን። ሲወርዱ ብቻ፣ “ለምን?” አሉ።

“አፈርኩ። እርስዎን ማስተማር ድፍረት መሰለኝ።”

“ብትደፍረኝ ይሻለኝ ነበር።”

ሰኞ፣ ማርች 17

የመንግሥት የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪ መጣች። አለቃችን ቀድሞ ቢሮ ጠራኝ። “ተርጉሜያለሁ ብለህ ፈርመሃል። ፊርማህ እዚህ አለ” አለ። ፊርማው ውሸት ነው አልኩት። ለእሷም እንደዚያው ነገርኳት። እሷ ደግሞ እሱን፣ “ይሄን የሚያህል ነገር ለምን በሠራተኛ አስተረጎማችሁ?” አለችው።

ከኃላፊነቴ ተነሳሁ። የሚገርመው ቅር አላለኝም። ቀለል ይለኛል ብዬም ጠብቄ ነበር። አላለኝም።

እሑድ፣ ጁን 15

ቤታቸው ሄድኩ። በሩን ዊጅዳን ከፈተች። እንደ ድሮው ሳቅ አላለችም፣ ግን “ግባ” አለችኝ።

ጋሼ ከስተዋል። ፎቁን ሲወጡ ሁለት ጊዜ ይቆማሉ አለች። አሁን ኤሌፋንት ኤንድ ካስል የሚባለው ሰፈር የወዳጃቸው ሱቅ ውስጥ የስልክ ሽፋን ይሸጣሉ። “ተቀምጬ ነው የምውለው” አሉኝ፣ እንደ ነውር።

ጠረጴዛው ላይ የተቆጣጣሪዋ ደብዳቤ አለ። አራት ገጽ። የምርመራው ውጤት። እጄን ዘረጋሁ።

“ላንብብልዎት ጋሼ?”

“ተወው። ዊጅዳን ታንብብልኝ።”

በቁጣ አልነበረም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ጀመረች። አማርኛዋ የቤት አማርኛ ነው፣ በየመስመሩ ትደናቀፋለች። “ኤክስፖዠር በአማርኛ ምንድነው?” አለች። እሳቸው አያውቁም። እኔን ቀና ብላ አየችኝ። ልመልስ አፌን ከፈትኩ።

“አንቺ በምታውቂው ንገሪኝ” አሏት።

እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አየር ስባ አሳየቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። “ቀጥዪ።”

አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀባት። አንዳንዱን ቃል ሦስቴ እየመለሰች። ሻዩ ቀዘቀዘ። እኔ ወንበሬ ላይ እጄን አጣምሬ ሰማሁ።

አንድ መስመር አልዘለለችም።