የድንች መጋዘኑ ግድግዳ መቼ ይሞቃል?

ሐሙስ፣ ጥር 14 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ አዋሳ

ዛሬ ታቦር ተራራ ሥር ወዳለው የዘር ድንች መጋዘን የሄድኩት ደረቴን ነፍቼ ነበር። የጭቃው ግድግዳ ከፀሐይ የተቀበለውን ሙቀት ስንት ሰዓት ላይ ወደ ውስጥ እንደሚያደርስ ለማወቅ ከአንድ የፈረንጅ መጽሐፍ ባገኘሁት ቀመር ሳምንት ሙሉ በእርሳስ ሳሰላ ከርሜአለሁ። መልሱ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሆነ። ዘበኛውን ጋሽ ዳንጊሶን፣ "ከነገ ጀምሮ ሙቀቱ እንዲወጣ መስኮቶቹን በአሥር ሰዓት ይክፈቱልኝ" አልኳቸው።

ሳቁብኝ። "በአሥር ሰዓትማ እሳት የሚሆነው ውጭው ነው፣ መምህር። ብንከፍተው ሙቀቱ ገብቶ ድንቹን ያበቅልብናል። ውስጥ ተቀምጬ ግድግዳውን ስደገፈው ጀርባዬን የሚሞቀኝ ማታ አራት ሰዓት ላይ ነው።"

የስድስት ሰዓት ልዩነት! ልከራከራቸው አፌን ስከፍት ቁጥሩ ራሱ ከነከነኝ። ለምን ልክ ስድስት?

የውጭውን ግድግዳ ሙቀት በየሰዓቱ ከቴርሞሜትር ላይ እያዩ የመዘገቡልኝ እሳቸው ናቸው፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምረው፣ ሌሊቱን ጨምሮ ሃያ አራት ቁጥር። እኔ እንዳለ በቅደም ተከተል ወደ ስሌቱ ገለበጥኩት። የፈረንጁ መጽሐፍ ግን አንድ ሰዓት የሚለው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን ነው። መልሱን ወደ እኛ ሰዓት ስመልስ፣ መነሻውን ወደ ፈረንጁ መለወጥ ረስቻለሁ። ሳምንት ሙሉ ወረቀቴ ላይ ፀሐይን በእኩለ ሌሊት ሳወጣ ከርሜ አንድም ቀን ግር አላለኝም!

አሥር ላይ ስድስት ስጨምር ማታ አራት ሰዓት። ከጀርባቸው ጋር አንድ ሆነ።

አሁን የቀረኝ ክረምቱ ነው። ፀሐይ በሌለበት ወር ግድግዳው መቼ ይሞቅ ይሆን? ስወጣ ጠየቅኳቸው።

ትንሽ አሰቡና፣ "እሱን እንኳ አላውቅም" አሉ። "ክረምት ካፖርት እለብሳለሁ።"