ሳልሰማ የመረቅሁት መንገድ

ዓርብ

ቃለ ጉባኤውን ዛሬ አየሁት። ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ቆሜ አነበብኩት። ነዋሪው በመንገዱ ዳር ዕቅድ ላይ ተወያየ፣ ሽማግሌ መረቀ፣ ሁሉም ተቀበለ ይላል። ሽማግሌው እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ተጠራ። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ሰበታ ደርሷል፣ በጅማ መንገድ ዳር ባለው እርሻ ላይ አስተያየት ስጡ ተባልን። ካርታው ሳይዘረጋ የማዘጋጃ ቤቱ ባለሙያ ወደ እኔ ዞሮ «አባባ፣ በምርቃት ይክፈቱልን» አለ። ደስ አለኝ። እርጥብ ሣር ይዤ ተነሣሁ፤ ያሰባችሁት ይሳካ አልኩ። ሰዉ አሜን አለ።

ካርታው የተዘረጋው ከዚያ በኋላ ነው። የሚወሰደውን መሬት የሚያሳየው ቀይ መስመር የጎረቤቴን የገመቹን ማሳ መሀል ለመሀል ሰንጥቆታል። ማንም አልተናገረም። እኛ ዘንድ ሽማግሌ የመረቀውን ተነሥቶ የሚቃወም የለም። እኔም ዝም አልኩ። ቃሌን በአደባባይ ማጠፍ ሞት መሰለኝ።

ቅዳሜ

ገመቹን አጥሩ ጋ አገኘሁት። አርባ ዓመት ተጋግዘን አርሰናል። «አካም» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኩት። ሰላምታዬን ትቶ፣ «ተሰማ፣ ፊደል ያወቅኸው አንተ ነህ። እኛ ያንተን አፍ ነው የምናየው» አለ።

ፊደል ያስተማረኝ የለም፤ ራሴ ነኝ የተማርኩት። ስኮራበት ኖርኩ።

ትልቁ ልጁ ለሚ በሬዎቹን እየፈታ፣ «አባባ፣ ሰኞ ሰልፍ እንወጣለን። እርስዎ ብቻ እንዳይመርቁን» አለኝና ሳቀ።

ባለጌ አልኩት።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ፊት ልናገር ሦስት መስመር ጽፌ ነበር።

ሳልሰማ መረቅሁ።
ጥፋቱ የኔ ነው።
ምርቃቴን አንሥቻለሁ።

ሳልናገር ሰዉ ተበተነ። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው። ሰኞ ማዘጋጃ ቤት እናገራለሁ ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

ሰኞ

ስሜን ሰርዙ አልኳቸው። «የጸደቀ ቃለ ጉባኤ አይሰረዝም፣ አባባ» አለ ባለሙያው። በትሕትና ነው። ወንበር አቀረበልኝ። አልተቀመጥኩም።

ስመለስ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። ሚኒባስ የለም። በእግሬ ነው የመጣሁት። ተኩስ ሰማሁ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ሰፈር ስደርስ የገመቹ ሚስት መሬት ላይ ተቀምጣ ደረቷን ትመታለች።

ለሚ።

ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ረቡዕ

ትናንት ቀበርነው።

ዛሬ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሬዲዮ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል አለ። ደስ ያለው ሰው የለም። አንዱ ተነሥቶ ሬዲዮውን ዘጋው።

ያኔ ተነሥቼ ወረቀቱን አነበብኩ። ሦስቱንም መስመር። ገመቹ ቀና አላለም።

ሰው ከለቅሶ ሊወጣ ሲል ሽማግሌ ቤቱን ይመርቃል። ሁሉም እኔን አየ። አልተነሣሁም።

«ተሰማ፣ መርቅ» አለ ገመቹ።

«በምን አፌ?»

«የቀሩ ልጆች አሉኝ። አሁን ሁሉን ሰምተሃል። መርቅ።»

ተነሣሁ። ያ ሁሉ የማውቀው ምርቃት ጠፋብኝ። ይጠብቃችሁ ብቻ አልኩ። ሰዉ አሜን አለ። የገመቹን ድምፅ በጆሮዬ ፈለግሁ። አልለየሁትም።

የገመቹ ጤፍ ሳይወቃ እንደተከመረ ነው። ለሚ ነበር የሚወቃው። ነገ ማልጄ ሄጄ አውድማውን እጠርጋለሁ። ካባረረኝ ከነገ ወዲያ እመለሳለሁ።