ራሱ የወለቀው ቁምጣ

ቅዳሜ፣ መስከረም 8 ቀን 1958

ያው ጎተትኩት። ለዚህ ደብተር ካልተናገርኩ ለማን ልናገር ነው?

እኛ ሶዶዎች ከተበላ ከተማ ቡድን ጋር አንድ ለአንድ ነን። ኮርነር ተመታ። በረኛቸው አንጁሎ ኳሷን ሊይዝ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ እኔ ከኋላው ቆሜያለሁ። ዓይኔ የት አረፈ? ቁምጣው ላይ። ካኪ ቁምጣ ነው፤ ነሐሴ ላይ እኔው ራሴ የሰፋሁለት። እጄ ደግሞ ዓይኔን መከተል ይወዳል፤ የቆየ በሽታዬ ነው። በሁለት እጄ ጨብጬ ወደ ታች አልኩት። መጀመሪያ እምቢ አለኝ። ደገምኩት፤ ጠረረር ብሎ ወረደ። አንጁሎ ኳሷን ትቶ ቁምጣውን ያዘ። ኳሷ ገባች። ሁለት ለአንድ!

ዳኛው ሰው ከልሎት አላየም። አንጁሎ በአንድ እጁ ቁምጣውን እንደያዘ በሌላው በጥፊ አጮለኝ። ይህችን ግን ዳኛው አየ። አስወጣው። ሕዝቡ በሳቅ አለቀ። እኔም ሳቅሁ። ጉንጬ እስካሁን ይግላል።

አሰልጣኛችን ጋሽ ዳታ አልሳቁም። መስመሩ ዳር፣ ከእኔ አሥር እርምጃ ላይ ነበሩ። አይተዋል። ነገ አለቀልኝ።

እሑድ፣ መስከረም 9

አላለቀልኝም። ለምን እንዳላለቀልኝ ግን አልገባኝም።

ጋሽ ዳታ የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ናቸው፤ እሑድ እሑድ ደግሞ በጸሎት ቤታችን ልጆች ያስተምራሉ። ውሸት አይወዱም። እኔ ተማሪያቸው ሳለሁ «አያቴ ሞተች» ብዬ ከክፍል ብቀር ለቅሶ ሊደርሱ ቤታችን መጥተው፣ ከሟቿ ጋር ሲጫወቱ አምሽተው ሄዱ። ጠባያቸውም እንደ ስማቸው እንደ ዳታ በርበሬያችን ነው። ሲቀምሱት ዝም፤ የሚያቃጥለው ቆይቶ ነው።

ዛሬ ከጸሎት ስንወጣ አቶ ጥላሁን ደብተሩን ይዞ በር ላይ ጠበቃቸው። በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነው፤ ለአንድ የአዲስ አበባ ጋዜጣ የአገራችንን ወሬ በቴሌፎን ያቀብላል።

«ጋሽ ዳታ፣ ተጫዋችዎ ሻንካ የበረኛውን ቁምጣ ጎትቷል እየተባለ ነው። ምን ይላሉ?»

ሻንካ እኔ ነኝ። ባሕር ዛፉ ኋላ ገባሁ።

ጋሽ ዳታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሻንካ ጨዋ ልጅ ነው» አሉ። (እኔ!) «በረኛው ሲንገዳገድ ሊደግፈው ነው እጁን የዘረጋው። ቁምጣው ራሱ ነው የወለቀው፤ የሰፋው ሰው አልቻለበትም። ከጻፉ ስለ ሰፊው ይጻፉ።»

አቶ ጥላሁን ጻፈ። እኔ ባሕር ዛፉን አቅፌ ቀረሁ። ሊያድኑኝ ነው ወይስ ሊቀብሩኝ?

ሰኞ፣ መስከረም 10

ልምምድ ነበር። ጋሽ ዳታ ቁጣ የለ፣ ምክር የለ። «ሻንካ፣ በግራህ ምታ» ብቻ።

ያልገቡኝ ነገሮች፦

አንደኛ፣ አይተዋል ወይስ አላዩም? አይተዋል። ዓይናችን ተጋጭቷል።

ሁለተኛ፣ ካዩ፣ እንዴት ዋሹ? እሳቸው! ያውም በጸሎት ቤት በር!

ሦስተኛ፣ ቁምጣውን የሰፋሁት እኔ መሆኔን ያውቃሉ? የሚያውቁ ከሆነ በአንድ አፍ አንዱን ሻንካ አመስግነው ሌላውን ሻንካ ሰድበዋል ማለት ነው። የማያውቁ ከሆነ ደግሞ… እሱም ያው ነው።

ጓደኞቼ «ጨዋው!» እያሉ ሲጠሩኝ ዋሉ። እንደ ጨዋ ሰው አንገቴን ሰበር አድርጌ «አቤት» አልኳቸው። ሳቁ። እኔ ግን እንደ ድሮው አልሳቅሁም፤ ይህም አልገባኝም።

ረቡዕ፣ መስከረም 12

ጋዜጣው በአውቶቡስ ደረሰ።

የስፌት መኪናዬ ያለችው በአቶ ከድር ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። አቶ ከድር ጨርቁን ይሸጣሉ፣ እኔ እሰፋለሁ። ጋዜጣውን መነጽራቸውን አድርገው ለገበያተኛው ሁሉ አነበቡት። «የሶዶው ተጫዋች በጨዋነቱ የሚታወቅ ሲሆን… ቁምጣው በልብስ ሰፊው ድክመት ራሱ በመውለቁ…» እያሉ መጡና ቆም አሉ። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ሻንካ፣ የአንጁሎን ቁምጣ የሰፋኸው አንተ አይደለህም እንዴ?»

 ልክ የጊፋታ ሰሞን! ሰው ሁሉ ለወላይታ አዲስ ዓመት አዲስ ልብስ በሚያሰፋበት ሳምንት! አንዲት እናት ቀስ ብላ ከጠረጴዛዬ የልጇን ጨርቅ አነሣች። «በጸሎት ቤት መሀል ቢወልቅበትስ?» አለች። ከሷ በኋላ አራት ሰው ጨርቁን ወሰደ።

እኔ የሰፋሁት ራሱ ይወልቃል? ድርብ ስፌት ነው እኮ! በሁለት እጄ፣ ሁለት ጊዜ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ ነው የወለቀው! ይህን ጮኼ ልናገር አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ብናገር ወደ ይርጋለም ከተማ አልሄድም። ለጠቅላይ ግዛቱ ውድድር ከአካባቢያችን ከታጩት አንዱ አጥቂ እኔ፣ አንዱ በረኛ አንጁሎ ነበርን። ነበርን ነው የምለው፤ ጋዜጣው መጨረሻ ላይ «ያለ አንዳች ምክንያት በጥፊ በመማታቱ» የውድድሩ ኮሚቴ አንጁሎን ከዝርዝሩ እንደሚሰርዘው ጽፏል። የመጨረሻው ዝርዝር ከመስቀል በኋላ ይላካል።

አጥቂው ሻንካ ይሄዳል። ሰፊው ሻንካ ይራባል። አንጁሎ ቤቱ ይቀመጣል። ይህን ሁሉ ያደረገው ደግሞ ጨዋነቴ ነው።

ሐሙስ፣ መስከረም 13

አንጁሎ ከከተማው ከተበላ በእግሩ መጣ። ጫማው ጭቃ ብቻ ነው። በእጁ ያን ቁምጣ ጠቅልሎ ይዟል። በሩቅ ሳየው መቀሱን ደበቅሁ፤ ምን ይታወቃል።

«ደህና ዋልክ፣ ሻንካ?»

«ደህና» አልኩ፣ አንድ እግሬ መንገድ ላይ ሆኖ።

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

እኔን! ነገሩ እንዲህ ነው፦ በእኛ በወላይታ ሰው ተጣልቶ ጊፋታን አይሻገርም። የተኳረፈ ታርቆ ነው የበዓሉን ምግብ፣ ባጪራውን፣ የሚቀምሰው። አባቱ ጋዜጣውን ካስነበቡ በኋላ «የመታኸውን ሰው ይቅር አስብለህ ካልመጣህ ከእኛ ጋር ለማዕድ አትቀመጥም» ብለውታል።

«ግን እኮ አንጁሎ…» አልኩ።

«አየህ፣ የጎተትከኝ መስሎኝ ነበር» አለኝ። «እጅ የተሰማኝ መስሎኝ ነበር። ግን ጋሽ ዳታ አይዋሹም። እኔንም አስተምረውኛል። እንግዲህ ራሱ ወልቆ ይሆናል።» ቁምጣውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። «ስፋልኝ። ሌላ የለኝም። ይርጋለም ባልሄድም እሑድ እሑድ ከሰፈር ልጆች ጋር እለብሰዋለሁ።»

በሕይወቴ ብዙ ሰው አታልያለሁ። የገዛ ገላውን እንዲጠራጠር ያደረግሁት ግን እሱን ብቻ ነው። ቀልድ አማረኝ፤ አልመጣልኝም። «ቅዳሜ ገበያ ና፣ ትወስደዋለህ» አልኩት። ይቅር ብዬሃለሁ ማለቱ ግን አሳፈረኝ። እሱ ደግሞ የተቀየምኩት መስሎት አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ዓርብ፣ መስከረም 14

ቁምጣውን ብብቴ ሥር አድርጌ ጋሽ ዳታ ቤት ሄድኩ። እንሰታቸው መሀል ቆመው ነበር።

«ጋሼ፣ ይህን የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

ቁምጣውን አዩ። እኔን አዩ። ቁጭ አሉ፣ መሬት ላይ።

«አላወቅሁም» አሉ።

«መጎተቴንስ?»

«እሱን አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን…?»

 «እኔ አንተን ክፍል ውስጥ መቅጣት አውቃለሁ» አሉ። «ሜዳ ላይም አውቃለሁ። ጥላሁን እርሳሱን ሲያወጣ ግን፣ የኔን ልጅ አገር በሙሉ ሊያነበው ነው ብዬ አፌ ቀደመኝ። ስሙን የማላውቀው ሰፊ ላይ ብጥለው ማንም የማይጎዳ መሰለኝ።» ከዚያ ቀና ብለው፣ «ለጋዜጣው ተናገርኩ። ለእግዚአብሔር ግን እስከ ዛሬ አልተናገርኩም፤ ከእሑድ ጀምሮ ጸሎት አልሆንልህ አለኝ» አሉ።

የአንጁሎን ነገርኳቸው። «እኔንም አስተምረውኛል አለ?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ።

ምን አድርግ አላሉኝም። አሰልጣኝ አይደሉም እንዴ? ግራ ተጋብቼ ሄጄ ግራ ተጋብቼ ተመለስኩ፤ አሁን ግን ሁለት ነን።

ቅዳሜ፣ መስከረም 15፣ የጊፋታ ዋዜማ

የበዓል ገበያ። ሰው በሰው ላይ። አቶ ጥላሁን ቅቤ ሲያስመዝን አገኘሁትና እጁን ይዤ በረንዳችን አደረስኩት። አንጁሎም መጥቷል። ወንበሬ ላይ ወጣሁ።

«ወገኖቼ! ይህ ቁምጣ ራሱ አልወለቀም! እኔ ነኝ የጎተትኩት! ሁለት ጊዜ!»

ሳቁ። ቀልድ መሰላቸው። የኔ ዕዳ ይህ ነው፤ ስዋሽ ያምኑኛል፣ እውነት ስናገር ይስቃሉ። አቶ ጥላሁን እንኳ «ተው እንጂ፣ ጋሽ ዳታ የተናገሩት በጋዜጣ ወጥቷል» አለ።

«እሺ፣ የሰፋሁት ይፈተን! የቁምጣው እግር እስካሁን የነሐሴው ስፌት ነው! የሚጎትት ይምጣ!»

አቶ ከድር አንዱን እግር ያዙ። ሌላውን ማን ይያዝ ስል፣ ከሕዝቡ መሀል አንድ ሰው ኮታቸውን አውልቀው መጡ። ጋሽ ዳታ። ሳቁ ቆመ። ሁለቱ ሽማግሎች ተረከዛቸውን ተክለው ጎተቱ። ጎተቱ! አቶ ከድር ላብ በላብ ሆኑ፤ ክሩ ወይ ፍንክች።

«ራሱ አልወለቀም» አሉ ጋሽ ዳታ፣ እያለከለኩ። «አይቻለሁ። ያን ቀንም አይቻለሁ።»

አቶ ጥላሁን እርሳሱን አወጣ። «ታዲያ አሁን ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ሰፊው ጎበዝ ነው፣ ተጫዋቹ ባለጌ ነው ብለው ይጻፉ። አሰልጣኙም ዋሽቷል ይበሉ» አሉት ጋሽ ዳታ።

ያቺ እናት ወዲያው የልጇን ጨርቅ ይዛ ተመለሰች። ለነገ ይድረስልኝ ትላለች!

አንጁሎ አጠገቤ ቆሞ ነበር። እጁን ሲያነሣ ጉንጬን ሸፈንኩ። «እጅ ተሰምቶኝ ነበር እኮ» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ከዚያ ሳቀ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። ይቅርታ ጠየቅሁት። ያንን ደግሞ በቀልድ አላልኩትም።

ይርጋለም ማን እንደሚሄድ አላውቅም። አቶ ጥላሁን ዛሬውኑ ለኮሚቴው እነግራለሁ ብሏል፤ ኮሚቴው ግን በበዓል ተበትኗል። እሱ ይሄዳል ብዬ አስባለሁ። እኔ የምቀር ይመስለኛል። መቆጨት ሲገባኝ ባጪራውን ሁለት ጊዜ አስጨምሬ በላሁ፤ ይህም ግራ ገብቶኛል።

ቁምጣውን ከመስጠቴ በፊት ወገቡን በስፌት ሦስተኛ ጊዜ ዞርኩበት። አሁን እኔም ብሆን አላወልቀውም።