ገጽ አርባ ሰባት

ሐሙስ

ገጽ አርባ ሰባት፣ ከታች አምስተኛው መስመር። «ነጭ ሽንኩርቱን የሚያስተክላቸው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ልጃቸው ሙላት ነበር።» የጻፍኩት እኔው ነኝ። በማንም ላላሳብብ።

መጽሐፎቹ ትናንት ከጎንደር በሚኒባስ መጡ። የዳባትና የደባርቅ ገበሬ፣ ነጋዴ፣ አናጢ፣ ጠጅ ጣይ፣ ሁሉም በገዛ አፉ የነገረኝ ኑሮው። ሁለት ክረምት ለፍቼበታለሁ። ዛሬ ጠዋት ወደ ማስተማሬ ስሄድ አንዱን ካርቶን ሰይድ ሱቅ አስቀምጬ፣ ደረቴን ነፍቼ ነው የገባሁት። በእረፍት ሰዓት ሳገላብጥ እዚህች መስመር ላይ ደረስኩ።

የገጹ ባለታሪክ፣ ነጭ ሽንኩርት አምራቿ እማማ ጥሩወርቅ፣ ልጃቸው መሞቱን አያውቁም። ሙላት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ ኅዳር ላይ በወባ ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። አብረውት የወረዱት ጓደኞቹ ተመልሰው ለእማማ ንስሐ አባት ለአባ ተክሌ ነገሩ። አባም ሽማግሌዎቹን ሰብስበው፣ እህቱ ዓለሚቱ እርጉዝ ናትና በሰላም እስክትገላገል መርዶው ይቆይ አሉ። ባሏ ዛሪማ የመንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ የምትኖረው እናቷ ቤት ነው። ለአንዷ ነግሮ ከሌላዋ መደበቅ አይቻልም። ስለዚህ መንደሩ በሙሉ «የባለሀብቱን ማሳ እየጠበቀ ነው፣ ኔትወርክ የለም» እያለ አራት ወር ዋሸ።

እኔም አውቅ ነበር። መጽሐፉ እስኪታተም ዓለሚቱ ትወልዳለች፣ መርዶውም ይነገራል ብዬ አሰብኩ። ደግሞም የሞተ ሰው ስም ጽፎ ነፍሱን ይማረው ሳይሉ ማለፍ እጄ እምቢ አለኝ። ማተሚያ ቤት ባለው ቀን ያደርሳል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ዓርብ

የዛሬ ሥራዎቼ፦ የሰይድ ሱቅ። የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት። ለእማማ ቃል የገባሁትን መጽሐፍ የማዘገይበት ሰበብ።

ሰበብ አላገኘሁም። የቤተ መጻሕፍቱን ግን ማንም ሳያነበው መለስኩ። እሷን እንደ ድል ልቁጠራት።

ሰይድ «ሌላው ደራሲ ግዙልኝ ይላል፣ አንቺ መልስልኝ ትያለሽ» ብሎ ሳቀብኝ። ፊቴን ሲያየው ሳቁን ዋጠ። ስንት ሸጥክ አልኩት። አንድ ብቻ። ለማን? ትናንት ከጤና ጣቢያ ስትመለስ ጎራ ላለች እርጉዝ ሴት። «እናቴ አለችበት ብላ ደስታዋን ብታዪው» አለኝ።

ወንበር አቀረበልኝ። ውሃም ሰጠኝ። ለምን እንደሆነ ሳልነግረው የቀሩትን በካርቶናቸው ይዤ ወጣሁ።

ዓለሚቱ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፤ ማንበብ አያቅታትም። ደወልኩላት፣ አታነሳም። ልሂድ አልኩና ተመለስኩ። ገና ካላነበበችው ሄጄ የማነቃት እኔ ልሆን ነው። ይህ እውነት ነው፤ ግን ፈሪ መሆኔም እውነት ነው።

ቅዳሜ

ገበያ። እማማ ነጭ ሽንኩርታቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። እኔ እንደ ሌባ በሩቁ ልዞራቸው ስል አዩኝ።

«ነይ እንጂ ልጄ! ምን ሁነሽ ነው የምትሸሺኝ?»

እንዴት አደሩ፣ እንዴት ሰነበቱ አልኩ። ዓለሚቱስ?

«ኧረ እሷስ ግራ አጋባችኝ። መጣፍሽን አመጣችው፤ አንብቢልኝ ብላት ዓይኔን አመመኝ ትላለች። ከሐሙስ ወዲህ እህል በወጉ አልቀመሰችም። ቀኗ ደርሶ ይሆን?»

እንግዲያው አንብባዋለች። ብቻዋን አንብባ፣ አምቃ ተቀምጣለች። «ይሆናል» ብቻ አልኩ።

እማማ ከነጠላቸው ስር መጽሐፉን አወጡ። «በይ አንቺው አንብቢልኝ።» ሽንኩርት ሻጮቹ ሴቶችም «አንብቢላቸው፣ እኛም እንስማ» እያሉ ቀረቡ። ገጹ ጥጉ ላይ ታጥፏል። ስለ ሽንኩርቱ መደብ አነበብኩ፣ ስለ ውሃው ተራ አነበብኩ፣ በእርሻ ጉዳይ ከወንድ ጋር ስለተከራከሩበት ቀን አነበብኩ። ሴቶቹ ሳቁ። ያቺ መስመር መጣች።

«ነጭ ሽንኩርቱን የሚያስተክላቸው ልጃቸው ሙላት ነው» አልኩ።

እማማ ቀና ብለው አዩኝ።

«ነው?» አሉ።

«ነው» አልኩ።

«እሰይ። ደህና አርገሽ ጽፈሻል።»

መጽሐፉን በነጠላቸው ጠቅልለው ወደ ነበረበት መለሱት። ልጆችን ዋሻችሁ ብዬ የምቀጣ መምህርት!

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ አባ ተክሌ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ የትናንቱን ውሸትም ጭምር።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «ስንት ሰው አራት ወር አፉን የቋጠረበትን ነገር በአንድ መስመር ፈታሽው?»

አለቀስኩ። ቁጣቸው ይገባኝ ነበር፤ እንዲያውም ትንሽ ቀለለኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ልጅቱ ካወቀች፣ አፍናው መክረሟ ከመርዶው ይብስባታል አሉ። ማክሰኞ ንጋት ላይ እንሄዳለን። አንቺም ትመጫለሽ። የጤና ባለሙያዋንም ለምኛት፤ ትምጣ።

እንዴት አልመጣም ይባላል።

ሰኞ

የጤና ባለሙያዋ እሺ አለች። ባጃጅ እመንደሩ መግቢያ ላይ እንዲጠብቅ ተነጋገርኩ። ጥቁር ነጠላዬን አጠብኩ።

ሰባተኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ የማክሰኞን ቀን ጻፍኩ። ተማሪዎቹ «ቲቸር፣ ዛሬ ሰኞ ነው» አሉኝ። ምነው ሰኞ ሆኖ በቀረ።

ማክሰኞ

ጎህ ሲቀድ ደረስን። አባ ተክሌ፣ አራት ሽማግሌዎች፣ ጎረቤት ሴቶች፣ የጤና ባለሙያዋና እኔ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በሩን ልናንኳኳ ስንል እማማ ራሳቸው ከፈቱት። ለብሰው፣ መቀነታቸውን ታጥቀው ነበር። ዓለሚቱ መደቡ ላይ ተቀምጣለች፣ ሆዷን አቅፋ። ፊቷ አብጧል።

አባ ጸሎት አደረሱ። «ጥሩወርቅ፣ እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር...» ብለው ሳይጨርሱ እማማ ብድግ አሉ።

«ልጄን ያዙልኝ! ዓለሚቱን ያዙልኝ!»

በዚያው ቅጽበት ዓለሚቱ «እናቴን ያዙልኝ!» ብላ ጮኸች።

ሽማግሌዎቹ የትኛዋን እንደሚይዙ ግራ ገብቷቸው መሀል ቤት ቆሙ። እናትና ልጅ ተያዩ። ሁለቱም እንደሚያውቁ የተረዱት ያን ጊዜ ነው። ዓለሚቱ እናቷ እግር ላይ ተደፋች፤ እማማ አነሷትና ሆዷን በመዳፋቸው ደግፈው ያዟት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልጽፍ አልችልም። ቤቱ በጩኸት ተሞላ፤ መንደሩም አራት ወር ያፈነውን አወጣ።

ረቡዕ

ድንኳኑ ውስጥ ዋልኩ። ውሃ ቀዳሁ፣ ሳህን አጠብኩ። የዓለሚቱ የደም ግፊት ደህና ነው ተባለ። ሰው ስለ መጽሐፉ ሲያነሳ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

ሐሙስ

ሰልስቱ ዛሬ ዋለ። ሰው ሲቀልል እማማ ጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ይቅርታ ለመጠየቅ ሦስት ቀን ያጠናሁት ነገር ሁሉ ጠፋብኝ። «እማማ፣ እኔ...» ብቻ አልኩ። እንዲቆጡኝ ፈልጌ ነበር።

«አውቅ ነበር ልጄ» አሉ። «ጓደኞቹ ኅዳር ላይ ሲመለሱ እኔን አይተው መንገድ ቀየሩ። ሙላቴ በሕይወት ቢኖር መልእክቱን ሳያደርሱኝ ያልፉ ነበር? ዓለሚቱ ትገላገል ብዬ ዋጥሁት። ቤቴ ውስጥ ማልቀስ አልቻልሁም። የሰው ለቅሶ እየፈለግሁ እሄድ ነበር። ዳባት ሞተ ሲሉኝ ዳባት፣ ኮሶዬ ሞተ ሲሉኝ ኮሶዬ። የማላውቀው ሰው ለቅሶ ላይ ቁጭ ብዬ የኔን ልጅ አለቅስ ነበር። ሰዉ ደግሞ ጥሩወርቅ እንዴት ሆዷ ባባ ይላል።»

ዓለሚቱ ከጎናቸው ጋደም ብላለች። ገና አልወለደችም። እጇን የእናቷ ቀሚስ ላይ ጣል አድርጋ እንቅልፍ ወስዷታል፤ ከሳምንት ወዲህ የመጀመሪያ እንቅልፏ ነው አሉ።

«አሁን ደግሞ የራሴ ለቅሶ ሲደርስ እንባው አለቀብኝ» አሉ እማማ። ዓይናቸው ደረቅ ነው። «አንቺ እንባ አለሽ። አልቅሺልኝ።»

አለቀስኩ። መጀመሪያ ያስለቀሰኝ ኀፍረቴ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን ድምፄም ወጣ፣ ስሙንም እየጠራሁ አለቀስኩ። ሙላትን አንድ ቀን እንኳ በዓይኔ አይቼው አላውቅም።