ሕመም በዕረፍት ሰዓት ብቻ

ለክቡር የደሴታችን የትምህርት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በፍጹም ጤንነት፣ ከመርከብ ጉዞዎም ድካም አገግመው እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ብዙ ዘመን በምክር ቤት ተቀምጬ ሕግ ሳወጣ ስለኖርሁ፣ ሕግ የሚያስከብር ሰው ሲደክም ማየት ያሳዝነኛል፤ እኔም በበኩሌ ትንሽ ደክሞኛል።

ጉዳዩ የልጅ ልጄ የኬዝያ ነው። ኬዝያ ከወላጆቿ የወረሰችው የደም ሕመም አለባት፤ ብርድ ወይም ድካም ባገኛት ቁጥር አጥንቷን ይቆረጥማታል። ትምህርት ቤቱ ከኮረብታው ማዶ በመሆኑ፣ ዝናብ በመታት ማግስት ሆስፒታል መተኛት ልማዷ ሆኖ ነበር። እናቷ ቨርሊን እርሷንና ታናሽ ወንድሟን ቤት ውስጥ ለማስተማር ፈቃድ ብትጠይቅ፣ መሥሪያ ቤትዎ የዕለት መርሐ ግብር ካልጸደቀ ፈቃድ እንደማይሰጥ፣ ልጅቷም ከመጪው ወር ጀምሮ ኮረብታውን እንደምትሻገር በትሕትና አሳወቀን። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1. የመጀመሪያውን መርሐ ግብር ስለመለሱልን አመሰግናለሁ። ቨርሊን እንደ ማንኛውም የደሴታችን ሰው «ንባብ መርከብ ሳይመጣ፣ ሒሳብ መርከብ ከመጣ በኋላ» ብላ ጽፋ ነበር። እዚህ ዓሣ የሚሸጠውም ሙሽራ የሚዳረውም መርከቡን ጠብቆ ስለሆነ፣ በዓለም ላይ የግድግዳ ሰዓት መኖሩን ዘንግታው ነው።

2. በሰዓት የተከፋፈለውን ሁለተኛውን ስለመለሱልንም አመሰግናለሁ። «ሕመም ከተነሣባት ትምህርቱ ይቆማል፤ ሲሻላት ይቀጥላል» የሚለው መስመር በቀይ ተሰርዞ፣ ከጎኑ «ሕመም በዕረፍት ሰዓት ይጠቃለል» የሚል መመሪያ ሰፍሮበት መጣ። ቨርሊን ወረቀቱን እያቀበለችኝ «አባዬ፣ ሕግ የምታውቅ አንተ ነህ፤ በል እስቲ ይሄን ለአጥንቷ አንብብላት» አለችኝ። ኬዝያ ግን መመሪያውን ከሁላችን ይልቅ አክብራ ተቀበለችው። ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ካነበበች በኋላ፣

«አያቴ፣ በዕረፍት ሰዓት ካልመጣብኝስ? ይቆጡኛል?» አለችኝ።

ጥያቄዋን ለክቡርነትዎ አስተላልፌያለሁ።

3. በአካል መጥተው ስለጎበኙን ከሁሉ በላይ አመሰግናለሁ። በሦስት ሰዓት እንደሚደርሱ አስታውቀውን ስለነበር ልጆቹ ተጣጥበው፣ ደብተራቸውን ገልጠው ጠበቁዎት። ባሕሩ ተናውጦ መርከቡ ከቀትር በኋላ ደረሰ፤ ክቡርነትዎም የመርከብ ሕመም ይዞዎት፣ ገርጥተውና ላብ አጥምቆዎት ገቡ። ቨርሊን የተፈላ ዝንጅብል አቀረበችልዎ፤ ኬዝያ ደግሞ ሕመሟ ሲነሣ የምትጠቀለልበትን ብርድ ልብስ አምጥታ ደረበችልዎ። ጋደም ብለው ሲሻልዎት «ልጆቹ በሒሳብ ሰዓት ሒሳብ ላይ አልተገኙም» የሚል ማስታወሻ ጽፈው ተመለሱ። እውነት ነው፤ ሒሳብ የሚማሩበትን ጠረጴዛ ገፍተን በቦታው የእርስዎን ፍራሽ ዘርግተን ነበር።

ሦስተኛውን መርሐ ግብር ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ፣ በቀይ ቀለምዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ፊርማዎ ከዝናቡ ወራት ቀድሞ እንዲደርስልን እማጸናለሁ።

ሁልጊዜም አክባሪዎ፣
ኦስበርት ኩዋሺ
የቀድሞ የምክር ቤት አባል፣ የኬዝያ አያት
ከፔቲት አንስ መንደር

ድኅረ ጽሑፍ፦ በመርሐ ግብሩ ግርጌ በልጅ እጅ የተጻፈው መስመር የኬዝያ ነው፤ ዳግመኛ ሲመጡ እንዳይቸገሩ አስባ ያለ እኛ ምክር ጨምራዋለች። እንዲህ ይላል፦ «ኃላፊው መርከብ ካመማቸው ትምህርቱ ይቆማል፤ ሲሻላቸው ይቀጥላል።» ይህንንም በቀይ መሰረዝ መብትዎ ነው።