አራት ቢሊዮንን ዜሮ ብሎ ስለሚያትም ደንብ

ቤር ሼቫ፣ ማርች 2007

ለክቡር አቶ ኦዴድ
የኮድ አጻጻፍ ደንብ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤናን፣ ከመኖሪያዎ ከዖሜር እስከ መሥሪያ ቤታችን ኤመቅ ሳራ ለሚያመላልስዎት መኪናም ደኅንነትን እመኛለሁ። ይህንን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍሁት በዕብራይስጥ ሦስት ጊዜ ጽፌልዎት መልስ ስላላገኘሁ ነው፤ በማያነቡት ቋንቋ ብጽፍም በመልስ በኩል የሚቀርብኝ ነገር የለም። ቢያንስ የሰፈራችን የሽኩና ቫቭ አማርኛ አንባቢ በማኅበራችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያነበዋል።

ጉዳዩ የወይዘሮ አጸደ ፈለቀ ነው። አጸደ በመጋዘናችን ስድስት ዓመት ካርቶን ስታነሣ ቆይታ፣ ከሥራ በኋላ እየተማረች፣ ለምንሠራቸው የቪዲዮ መቅጃዎች ፈታሽነት የበቃች ሠራተኛ ናት። ባለፈው ወር በአዲሱ መቅጃ ዲስክ ላይ ልክ አራት ጊጋባይት፣ ማለትም ከአራት ቢሊዮን በላይ ባይት፣ እንድትጽፍ ታዘዘች፤ ጻፈችም። መሣሪያውን ከውስጥ የሚመራው ፕሮግራም፣ ከርነሉ፣ በመዝገቡ ላይ «የተጻፈ መጠን፦ 0» ብሎ አተመ። እርስዎም ሳትሠራ ሠራሁ ብላለች ብለው ለፊታችን እሑድ ሺሙዓ፣ ማለትም ሠራተኛ ከመባረሩ በፊት ቃሉ ወደሚሰማበት ጉባኤ፣ ጠሯት፤ ከሺሙዓ በኋላ ስንብት እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን። ለፍጥነትዎ ኮል ሃካቮድ፣ ክብር ሁሉ ይገባዎታል።

ቅሬታዎቼን በትሕትና በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ፦ የዲስክ መጠን የሚያዝበት የዳታ ዓይነት በአሮጌው መቅጃችን 32 ቢት፣ ማለትም አራት ጊጋባይት የማይሞላ ቁጥር ብቻ የሚይዝ፣ በአዲሱ ደግሞ እጥፉ፣ 64 ቢት ነው። ስፋቱ ከመሣሪያ መሣሪያ የሚለዋወጥን ቁጥር መጀመሪያ ወደ ሰፊው ዓይነት ለውጦ በሰፊው ቅርጽ ማተም በሙያው የታወቀ ልማድ ነው። መጠኑን በመዝገቡ ላይ የሚያወጣው የኮድ መስመር፣ የእኛ የማተሚያ መስመር፣ ግን አሁንም በ32 ቢት ቅርጽ ስለሆነ የቁጥሩን ታችኛ ግማሽ ብቻ ያሳያል። የአራት ጊጋባይት ታችኛ ግማሽ ደግሞ ባዶ ነው። አጸደ ሦስት ጊጋባይት ብቻ ጽፋ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ታማኝ ሠራተኛ ነበረች።

2ኛ፦ ማስተካከያውን በጃንዋሪ አቅርቤ ነበር። የደንብዎ አንቀጽ 14 አንድ መስመር ከ80 ፊደል እንዳይበልጥ ስለሚያዝዝ፣ የእኔም 83 ስለሆነ፣ ውድቅ ተደረገ። ለሁለት ከፍዬ ሳቀርበው ደግሞ አንቀጽ 15 የማተሚያ መስመር መክፈልን ይከለክላል ተባልሁ። ሁለቱን አንቀጾች ያረቀቀውን እጅ አደንቃለሁ።

3ኛ፦ ኮዳችንን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ቅርጹና ዓይነቱ አይገጥሙም እያለ በየቀኑ ያስጠነቅቅ ነበር። እርስዎ በእንግዶች ፊት ስክሪኑ ንጹሕ እንዲሆን ማስጠንቀቂያው ሁሉ እንዲጠፋ አዘዙ፤ ጠፋ። ስለ ንጽሕናችን እናመሰግናለን።

4ኛ፦ ይህኛው የኮድ ነገር አይደለም። ስለ ዜሮው በጠሩት ስብሰባ ላይ ሲጠይቋት አጸደ አቀርቅራ ዝም አለች። እኛ ዘንድ ታላቅ ሰው ሲቆጣ ዓይን ዓይኑን አያዩትም፣ ቃልም አይመልሱለትም፤ ያደገችው እንዲህ ነው። ቃለ ጉባኤዎ ግን «መልስ አጥታለች» ይላል። አሥራ ስድስት ዓመት በአንድ ከተማ አብረን ኖረን ይህን አለማወቅዎ፣ እውነቱን ልናገርና፣ በጣም አናዶኛል።

ያንን የማተሚያ መስመር ከአምስት ዓመት በፊት፣ ደንብዎን አክብሬ፣ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ የእሷ ሺሙዓ እንዲሰረዝ፣ የሚጠየቅ ሰው ከተፈለገም እኔ እንድጠራ፣ ለመስመሬም የሦስት ፊደል ምሕረት እንዲደረግለት እለምናለሁ።

ለትዕግሥትዎ፣ ለዝምታዎና ለሰማንያ ፊደልዎ ያለኝን አክብሮት ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እየገለጽሁ፣

ጎሹ አየሉ
የከርነል ክፍል ሠራተኛ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ሐሙስ ያንኑ የአራት ጊጋባይት ፈተና በእንግዶች ፊት በገዛ እጅዎ ሠርተው አጨብጭበንልዎታል። መዝገቡን አውጥቼ አየሁት፤ ስምዎና ቀኑ አለ፣ ከጎኑም ዜሮ። ቅጂውን ለአጸደ ሰጥቻታለሁ፣ እሑድ ይዛው ትቀርባለች። የእርስዎ ሺሙዓ ከእሷ በፊት ይሁን ወይስ በኋላ፣ ጸሐፊዎ ታሊያ እንድታሳውቀን ትእዛዝ ይስጡልን።